«አንድ ጃኬት ልላክልሽ» አለችኝ፤ ምን ልበላት?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ጥያቄዬ ተራ ነገር ስለመሰለኝ እስካሁን አፍሬ ቆይቻለሁ።

የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። 36 ዓመቴ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ቢሮ ነው የምሠራው። ሁለተኛዋን ሳረግዝ ስኳሬ ከፍ ብሎ ነበር። ከወለድኩ በኋላ ተስተካከለ። ሐኪሟ ግን «ወደፊት እንዳይመለስብሽ ክብደትሽን ጠብቂ፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ተራመጂ» ብላኛለች። በጋውን በደንብ ያዝኩት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጥቼ ከፍቅር ሐይቅ ተነስቼ በሐይቁ ዳር ወደ አሞራ ገደል አቅጣጫ እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁ። ዝናቡ ሲጀምር አንድ ቀን ቀረሁ፤ ከዚያ ሌላ ቀን፤ አሁን ጨርሶ ትቼዋለሁ።

እንግሊዝ አገር ያለችው ታላቅ እህቴ ይህን ስትሰማ «ጥሩ የዝናብ ጃኬት እገዛልሻለሁ፤ ሐምሌ ላይ በምትመጣ ጓደኛዬ እልክልሻለሁ» አለችኝ። ሻንጣዋ ስለሞላ የምትይዝልኝ አንድ ብቻ ነው። «ምን ዓይነት? ስንት ቁጥር? ምን ቀለም?» ብላ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ። ለእግር ጉዞም፣ ለቢሮም፣ ለገበያም፣ ለቅሶ ቤት ስሄድም እንዲሆነኝ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ግን «ዣንጥላ አለሽ አይደል? ለአንድ ጃኬት ብለሽ ሰው ታስቸግሪያለሽ?» አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ሳልቫጅ ተራ ሂጂ፤ ያንኑ ብራንድ በትንሽ ብር ታገኚዋለሽ» ትለኛለች። አምና ከቡቲክ «ውሃ አያስገባም» ተብዬ የገዛሁት አለ። ስሄድበት ፌስታል ውስጥ የገባሁ ያህል ነው የሚያፍነኝ፤ ቤት ስደርስ ውስጡ ርሶ አገኘዋለሁ።

ሌላው ደግሞ፣ ከወለድኩ ወዲህ ሰውነቴ ጨምሯል። እህቴ ቀጭን ናት። ቁጥሬን መንገር ያሳፍረኛል። ተይው ልበላት ይሆን?

ዝናብ ያስቀረኝ፣ ከሐዋሳ

*

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ስለ ጃኬት ብለሽ በጀመርሽው ደብዳቤ ስለ ጤናሽም፣ ስለ ባለቤትሽም፣ ስለ ሰውነትሽም አጫወትሽኝ። ከጃኬቱ ልጀምር ብዬ ነበር። መጨረሻ ላይ ያስገባሻት «ተይው ልበላት» ግን አሳሰበችኝ፤ ከእሷ ልነሳ።

ተይው አትበያት። አንቺ አልለመንሻትም፤ ራሷ ናት የጠየቀችሽ። ከሩቅ ሆና ልጅ ልትይዝልሽ አትችል፣ ስትደክሚ ቡና ልታፈላልሽ አትችል። ጤናሽን የሚመለከት አንድ ነገር ማድረግ ፈልጋለች። ደግሞ «ምን ዓይነት? ስንት ቁጥር? ምን ቀለም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የተቸገረ ሰው አይደለም፤ እንዳይሳሳት የሚጠነቀቅ ሰው ነው። እሷን የሚያስቸግራት «ደስ ያለሽን ላኪልኝ» ብትያት ነው። ጨዋነት ይመስላል፤ ግን ሱቅ ውስጥ ያቺን ሴት ሃምሳ ዓይነት ጃኬት ፊት ያቆማታል። ስለዚህ ዛሬ የምነግርሽ ሁሉ ለእሷ የምትሰጪውን ግልጽ መልስ ለማዘጋጀት ነው።

ባለቤትሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሐኪሟ ያለችሽን ሙሉውን ነግረሽዋል? ብዙዎቻችን «ተራመጂ ተብያለሁ» ብለን እንተወዋለን። ለምን እንደተባለ ግን አናስረዳም። በእርግዝና ጊዜ ስኳሯ ከፍ ያለባት ሴት፣ ከወለደች በኋላ ቢስተካከልላትም፣ ኋላ ላይ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው የሚመክረው፤ ያንቺ ግማሽ ሰዓት በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን ልክ እዚያ ይደርሳል። እሱ የሚታየው ጃኬት ነው፤ አንቺ የምትፈሪው ግን ስኳሩን ነው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ረጋ ብለሽ «ዶክተሯ ያለችኝ እኮ እንዲህ ነው፤ ክረምቱን ቁጭ ብዬ ማሳለፍ ፈርቻለሁ» ብትይው ዣንጥላውን የሚያነሳብሽ አይመስለኝም።

በዣንጥላው ጉዳይ ግን እውነት አለው። ከባጃጅ ወርደሽ ቢሮ እስክትገቢ፣ ከቢሮ ወጥተሽ ምሳ እስክትበዪ ከዣንጥላ የሚሻል የለም። ጃኬት ጉልበትሽንና ጫማሽን አይሸፍንም፤ ዣንጥላ ይሸፍናል። ችግሩ ሐይቁ ዳር ነው። እዚያ ነፋሱ ዝናቡን ከጎን ነው የሚያመጣው፤ ዣንጥላውንም ይገለብጥብሻል። አንድ እጅሽ ዣንጥላ ይዞ ደግሞ እንደ ልብሽ ፈጠን ብለሽ መራመድ አትችዪም። ሁለቱም ያስፈልጉሻል፤ ቦታቸው ይለያያል።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ቅር እንዳይልሽ። ያስቀረሽ ዝናቡ ብቻ ነው? ብዙ ጊዜ የሐዋሳ ዝናብ ከሰዓት በኋላና ሌሊት ነው የሚበረታው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚያጋጥምሽ አብዛኛውን ጊዜ ካፊያ፣ ጭቃና የጨለመ ሰማይ ነው። ዝናብ ባልነበረባቸው ጠዋቶችስ ወጥተሽ ነበር? ካልወጣሽ ሌላም የሚይዝሽ ነገር አለ ማለት ነው። ምናልባት ጭቃው ነው፤ እሱ የማያዳልጥ ሶል ያለው ጫማ እንጂ ጃኬት አይፈልግም። ምናልባት ብቻሽን በጨለማ መውጣቱ ነው፤ ያኔ የሚያስፈልግሽ አብራሽ የምትሄድ ጎረቤት ናት። ምናልባትም ልጆቹን ቀስቅሶ ለትምህርት ቤት የማዘጋጀቱ ነገር ነው። እሱ ከሆነ ባለቤትሽ ለግማሽ ሰዓት ልጆቹን ቢይዝልሽ ከየትኛውም ጃኬት በላይ ያግዝሻል። በዚያው ማታ ወሬ ላይ ጠይቂው።

አሁን ወደ ጃኬቱ።

ለእህትሽ መጀመሪያ የምትነግሪያት ይህን ነው፦ «ስስ ይሁን፤ ገበር አይኑረው፤ እንዲያሞቀኝ አልፈልግም።» እሷ ያለችበት አገር ዝናብና ብርድ አብረው ስለሚመጡ፣ ስለ ዝናብ ልብስ ስታስብ ሞቅ ያለውን ልትመርጥልሽ ትችላለች። በፍቅር ነው የምታደርገው፤ አንቺ ግን አትለብሺውም። ሐዋሳ ያለችው 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ክረምት ላይ እንኳ ዝናቡ ቆም ሲል ወበቁ ይመጣል። ውስጡ የተሞላ ጃኬት ለብሰሽ አሥር ደቂቃ ከተራመድሽ ታወልቂዋለሽ፤ ክንድሽ ላይ ተሸክመሽ ትመለሻለሽ። ስሱ ግን ላዩ ብቻ ነው። ለጉዞ ስትወጪ ከሥሩ ስስ ቲሸርት፣ ቢሮ ስትሄጂ ሸሚዝ፣ ወደ ሀገረ ሰላም ወይም ወደ አዲስ አበባ ስትወጪ ወፍራም ሹራብ ታደርጊበታለሽ። አንድ ጃኬት ለሁሉም እንዲሆንሽ የፈለግሽው በዚህ መንገድ ብቻ ነው የሚገኘው። ሙቀቱን ከውስጥ ትቀያይሪያለሽ፤ ላዩ አንድ ሆኖ ይቀጥላል።

አምና የገዛሽውን አስቢው። «ውስጡ ርሶ አገኘዋለሁ» ብለሻል። ምናልባት በእርግጥ አስገብቶ ይሆናል። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ ውሃው ከውጭ የገባ አይደለም፤ ላብ ነው። ርካሹ የዝናብ ጃኬት ከውስጥ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ ዝናብ አያስገባም፣ ላብም አያስወጣም። በቀላሉ ትለዪዋለሽ። የረጠበው ትከሻሽ፣ አንገትሽና የስፌቱ መስመር ከሆነ ዝናብ ነው። ብብትሽ፣ ጀርባሽና ክንድሽ ከሆነ ላብ ነው። ቤት ውስጥ ስላለ አንድ ጠዋት ዝናብ በሌለበት ቀን ለብሰሽው ተራመጂ። ያኔም ከረጠበ ነገሩ ለየ።

ጥሩ የሚባሉት ጃኬቶች ይህን ችግር ለመፍታት በጨርቁ ውስጥ ስስ ሽፋን ያስገባሉ። በጣም የታወቀው ጎርቴክስ ነው፤ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልብስ ላይ ሲሸጥ ኖሯል። ዛሬ ብዙ ኩባንያዎች የየራሳቸው አላቸው፤ ስለዚህ ስሙ የግድ ጎርቴክስ መሆን የለበትም። የሽፋኑ ቀዳዳዎች በጣም ደቃቅ ናቸው። የውሃ ጠብታ አያልፍባቸውም፤ የላብ እንፋሎት ግን ያልፋል። እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሩሽ ነገር አለ። እንፋሎቱ የሚወጣው ከውስጥ ሞቃትና እርጥብ፣ ከውጭ ቀዝቃዛና ደረቅ ሲሆን ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ነው የሚገፋው። እንግሊዝ አገር በብርድ ቀን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሐዋሳ ላይ ግን ከዝናብ በኋላ አየሩ ራሱ ሞቅ ያለና እርጥብ ነው፤ ልዩነቱ ያንሳል። በጣም ውዱ ጃኬት እንኳ እኛ ዘንድ እንደ ማስታወቂያው አይተነፍስም።

ለዚህ ነው ለአንቺ ከብራንዱ ይልቅ ብብት ሥር ያለውን ዚፕ የምመርጥልሽ። አንዳንድ ጃኬቶች ከብብት እስከ ጎድን የሚከፈት ረዘም ያለ ዚፕ አላቸው። ከፍተሽው ስትራመጂ ነፋሱ ይገባል፤ ክንድሽ ስለሚከልለው ዝናቡ ብዙም አይገባም። ይህ ዚፕ ከሌለ ቢያንስ የጎን ኪሶቹ ውስጣቸው መረብ የሆነ ይሁን፤ ዚፑን ስትከፍቺው አየር ያስገባሉ። እህትሽ ከምታያቸው ጃኬቶች ውስጥ ይህ ያለውንና የሌለውን ስታገኝ፣ ያለውን ትምረጥ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅርብሽ እላለሁ።

መለያው ላይ ቁጥሮች ታገኛለች። አንዱ በሚሊሜትር የሚጻፈው ነው። ጨርቁ ላይ የውሃ ዓምድ ያቆሙበትና እስኪያሳልፍ ድረስ ከፍታውን ይጨምራሉ። 10,000 የሚል ከሆነ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚጫነውን ያህል ችሏል ማለት ነው። ከ1,500 ጀምሮ ቀላል ዝናብ ይመልሳል። ግን የቦርሳ ማንገቻ ትከሻሽን ሲጫነው፣ ነፋሱም ሲገፋው ያ አይበቃም። ለአንቺ 10,000 በቂ ነው። 20,000ው በረዷማ ተራራ ለሚወጡና ቀኑን ሙሉ ዶፍ ውስጥ ለሚውሉ ነው፤ ለእሱ ተጨማሪ ገንዘብ እንዳታወጣ ንገሪያት። ሁለተኛው በግራም የሚጻፈው ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ስንት ግራም እንፋሎት እንደሚያልፍ ይናገራል። እሱም 10,000 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። «ዋተር ሪዚስታንት» ብቻ የሚል ከሆነ ካፊያ እንጂ ዝናብ አይችልምና ትለፈው።

ስፌቱንም ታገላብጠው። መርፌ ያለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ደህና ጃኬት ከውስጥ በኩል በእያንዳንዱ ስፌት ላይ ስስ ቴፕ ተለጥፎበታል። አንዳንዱ ትከሻውና ኮፍያው ላይ ብቻ ለጥፎ ሌላውን ይተወዋል። ያንቺ ሁሉም ስፌቱ የተለጠፈ ይሁን። አምና የገዛሽውን ገልብጠሽ እዪው፤ ምንም ቴፕ ካላገኘሽበት ከላቡ በተጨማሪ በእርግጥም ያስገባ ነበር ማለት ነው።

ርዝመቱ ላይ የራሴ ምርጫ አለኝ። አጭሩ የስፖርት ጃኬት ለመራመድ ይመቻል፤ ግን ውሃው ከጠርዙ ወርዶ ጭንሽ ላይ ያርፋል፤ ቀሚስ ላይ ሲለበስም አያምርም። በጣም ረጅሙ ደግሞ እርምጃሽን ያሳጥረዋል። መቀመጫን ሸፍኖ ጭን መሃል ላይ የሚቆመውን ምረጪ። ዚፑ ከታችም የሚከፈት ይሁን። ስትራመጂ፣ ባጃጅ ውስጥ ስትቀመጪ ከሥር ትከፍቺዋለሽ። ወገቡ ላይ ከውስጥ የሚሳብ ገመድ ካለው ደግሞ ቢሮ ስትገቢ ቅርጽ ይሰጥሻል፤ ለጉዞ ትለቂዋለሽ።

ኮፍያው ፊት ለፊቱ ጠንከር ያለ ጥላ ይኑረው፤ ከኋላም የሚጠብቅ ነገር ይኑረው። ዞር ስትዪ አብሮሽ መዞር አለበት። የማይዞር ኮፍያ መንገድ ስታቋርጪ ባጃጁን ይከልልብሻል፤ ይሄ የምር አደጋ ነው። ሹሩባ ስትሠሪም ሆነ ሻሽ ስታስሪ የሚበቃ ስፋት ይኑረው። የእጅጌው ጫፍ የሚጠብቅ ቢሆን ጥሩ ነው። ለስልክሽ ከውስጥ አንድ ኪስ። ሌላው ጌጥ ነው፤ ብዙ አትጨነቂበት።

ቀለም ጠይቃሻለች። ለቅሶ ቤትም እንዲሆንሽ ከፈለግሽ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ በይያት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ግን ጥቁር የለበሰ ሰው ለሾፌር አይታይም። ስለዚህ ጀርባው ወይም እጅጌው ላይ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያበራ ትንሽ መስመር ያለውን ትፈልግልሽ። ካላገኘች የሚያበራ ማሰሪያ ክንድሽ ላይ አድርጊ። ባልደረቦችሽ «ቱሪስት መሰልሽ» ይሉኛል ብለሽ ሰግተሽ ከሆነም ጥቁር ሰማያዊው ላይ ማንም ዓይኑን አይጥልብሽም።

ቁጥሩ ላይ ደረስን። እህቴ፣ እውነቱን ንገሪያት። ሰውነትሽ ሁለት ልጅ ወልዷል፤ ይህን የምትሰማው እህትሽ ናት፤ ባዕድ አይደለችም። አፍረሽ አንድ ቁጥር ብትቀንሺ የሚመጣው ዳሌሽ ላይ የሚጠብቅና ወደ ላይ የሚሰበሰብ ጃኬት ነው። መመለሱ ቀላል አይደለም። አገር አቋርጦ የመጣ ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ሲቀር ደግሞ ባየሽው ቁጥር ይቆጭሻል።

«ኤል ነኝ፣ ኤክስ ኤል ነኝ» ማለቱም አይጠቅምሽም፤ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ይለያያል። የእንግሊዝ 14 የአሜሪካ 10 ነው፤ ይህን ሳያውቁ ስንቱ ተሳስቷል። በሴንቲሜትር ንገሪያት። ሹራብ ለብሰሽ ደረትሽን ሰፊው ላይ፣ ወገብሽን፣ ዳሌሽን ሰፊው ላይ ለኪ። ከትከሻ ጫፍ እስከ እጅ አንጓ ድረስም ለኪ። ሜትር ከሌለሽ ሰፈርሽ ያለ ልብስ ሰፊ በደቂቃ ይለካሻል። ከዚያ ደግሞ በደንብ የሚሆንሽን አንድ ጃኬት አልጋ ላይ ዘርግተሽ ከብብት እስከ ብብት ለክተሽ ፎቶ አንሺው። ቁጥሮቹን ጽፈሽ ከፎቶው ጋር ላኪላት። እሷም በየሱቁ ካለው የመጠን ሰንጠረዥ ጋር ታስተያየዋለች። በሁለት ቁጥር መካከል ከወደቅሽ ትልቁን ትውሰድ። አየሽ፣ በዚህ መንገድ «ወፍሬያለሁ» የሚለው ቃል አንድም ቦታ አልገባም።

የባልደረባሽን ምክርም አልንቀውም። ሳልቫጅ ውስጥ በእርግጥ ጥሩ ጃኬት ይገኛል። ከቦንዳ የወጣ የዝናብ ጃኬት ግን ከሹራብና ከሱሪ የተለየ ነው፤ ሳይለበስም ያረጃል። የውስጡ ሽፋን ከጊዜ ብዛት፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ይላላል፤ ይጣበቃል፤ ይላጣል። ላዩ አዲስ መስሎ ውስጡ ያለቀ ጃኬት ብዙ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ገልብጪው። ነጭ ነጭ ቅርፊት ከረገፈ፣ ሲነካ ከተጣበቀ፣ የስፌቱ ቴፕ ከተነሳ፣ የሚከረፋ ሽታ ካለው ብራንዱ ምንም ይሁን ምን ተይው። ደህና ከመሰለሽ ጨርቁን አፍሽ ላይ ለጥፈሽ በኃይል እፍ በዪበት፤ ትንፋሽሽ በቀላሉ ካለፈ ለነፋስ እንጂ ለዝናብ የተሠራ አይደለም። ሻጩ ከፈቀደልሽ ጨርቁን በመዳፍሽ ጎድጎድ አድርገሽ ከላስቲክ ጠርሙስሽ ትንሽ ውሃ ጨምሪበትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ፤ ከሥሩ መዳፍሽ ከረጠበ በቃ። እዚያ ብዙ የምታገኚው የወንድ ነው። የወንድ ጃኬት ትከሻው ሰፊ፣ ዳሌው ጠባብ ስለሆነ ቆመሽ ብቻ አትለኪው፤ ዘግተሽ ተቀመጪበት።

የእህትሽ ካለ ግን ሳልቫጁን አሁን አትንኪው። ከእቁብሽ የተረፈ ካለ ለጫማው አውዪው።

ጃኬቱ ሲመጣ አያያዙን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ብዙዎቻችን የምናበላሸው አጠባ ላይ ነው። አዲስ ጃኬት ላይ ውሃው ክብ ክብ እየሠራ ይንከባለላል። ይህ ላዩ ላይ ያለ ቅብ ሥራ ነው። ድሮ ቅቡ ውስጥ የሚገባው የፍሎሪን ውህድ በተፈጥሮ ውስጥ ሳይበሰብስ ስለሚከማች አምራቾች እየተዉት ነው፤ በካሊፎርኒያና በኒውዮርክ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለልብስ ተከልክሏል። አዲሱ ቅብ ውሃን በደንብ ይመልሳል፤ ቅባትን ግን እንደ ድሮው አይመልስም። ስለዚህ ፀጉርሽን ቅቤ በተቀባሽ ቀን ወይም ቅባት በበዛበት ጊዜ ከኮፍያው በፊት ሻሽ እሰሪ። አለበለዚያ መጀመሪያ ውሃ የሚያስገቡብሽ ኮፍያውና አንገቱ ናቸው።

ሲቆሽሽ እጠቢው፤ ቆሻሻውና ላቡ ነው የሚጎዳው። ለብ ባለ ውሃ፣ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ዚፑን ዘግተሽ። በረኪና በፍጹም። ልብስ ማለስለሻውም አይነካው። ሳሙናው እስኪለቅ ደጋግመሽ አለቅልቂው። አትጭመቂው፤ ጥላ ውስጥ ሰቅለሽ አድርቂው። ከጊዜ በኋላ ውሃው መንከባለሉን ትቶ ጨርቁ ውስጥ መስረግ ሲጀምር ጃኬቱ አልቋል ማለት አይደለም። አጥበሽ ካደረቅሽው በኋላ መለያው ካውያ የሚፈቅድ ከሆነ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገሽበት ካውያውን በዝቅተኛ ሙቀት አሳልፊበት። ሙቀቱ ቅቡን መልሶ ያነቃዋል። ያ ካልሠራ ለዚህ የሚሸጥ የሚረጭ ቅብ አለ። እህትሽ አንድ ጠርሙስ ብትጨምርልሽ ጥሩ ነበር፤ ሻንጣው ሞልቷል ካልሽኝ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ጃኬት የማይመልሰው አንድ ነገር አለ፤ መብረቅ። ነጎድጓድ ከሰማሽ ሐይቁ ዳር አትውጪ፤ ወጥተሽም ከሆነ ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና ግቢ። ዛፍ ሥር አትጠለዪ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማሽ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዪ። በዚያን ቀን ሳሎን ውስጥ ከልጆችሽ ጋር ዘፈን ከፍተሽ ብትጨፍሪም ተቆጥሮልሻል።

እስከ ሐምሌ ድረስ ደግሞ ጃኬት እየጠበቅሽ አትቀመጪ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ተነስተሽ ሰማዩን እዪ። ዝናብ ከሌለ ውጪ። ካፊያ ከሆነ ያቺኑ የአምናዋን ጃኬት ዚፑን ከፍተሽ ልበሻት፤ ለሃያ ደቂቃ ትበቃሻለች። ጠዋት ካልሆነልሽ በምሳ ሰዓት ከቢሮሽ ወጥተሽ ዞር ዞር በዪ።

ዛሬ ማታ ለእህትሽ የምትልኪው ይህን ያህል ነው፦ «ስስ፣ ገበር የሌለው፤ ስፌቱ ሁሉ የተለጠፈ፤ ብብቱ ሥር ዚፕ ያለው፤ ጭኔ መሃል የሚደርስ፣ ዚፑ ከታችም የሚከፈት፤ ከ10,000 ያላነሰ፤ ጥቁር ሰማያዊ። ልኬቴ ይኸውልሽ።» ሁሉንም በአንድ ላይ ካላገኘች ቀለሙን ትተወው፤ ቀጥሎ ርዝመቱን። የብብቱን ዚፕና የስፌቱን ቴፕ ግን አትተዋቸው። አዲስ ቀለም ሲገባ የቀድሞው ዋጋው ስለሚቀንስ የዘንድሮ ካልሆነ እንዳትል፤ ደረሰኙንም ትያዘው።

ጃኬቱን የምታመጣልሽ የእህትሽ ጓደኛ ሐዋሳ እንደደረሰች ወይም ዕቃው እንደደረሰሽ፣ መለያውን ሳትበጥሺ በዚያው ቀን ለኪው። ከሥሩ ሹራብ አድርጊ፤ ክንድሽን ወደ ላይ አንሺ፤ ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ ኮፍያውን አድርገሽ ግራና ቀኝ ዙሪ። የማይሆንሽ ከሆነ ዝም ብለሽ አትቀበዪው። ሴትዮዋ ከመመለሷ በፊት መልሰሽ ስጫትና እህትሽ ትቀይርልሽ።